የግቢያችን በር በየት በኩል ይከፈት?

ሰው ቤት ሲሠራ ስለ ብዙ ነገር ያስባል። ስለ ቆርቆሮው ያስባል። ስለ ሲሚንቶው ያስባል። ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ምስማሩ ዋጋ ሳይቀር ያስባል። ስለ በሩ ግን የሚያስበው ስንቱ ነው? «በሩማ መንገዱ ባለበት በኩል ነዋ!» ይባላል። አጥር ይታጠራል። ክፍተት ይተዋል። ሁለት የቆርቆሮ መዝጊያ ይሰቀላል። በቃ፣ በር ሆነ።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያች ክፍተት ነው። በተለይም መኪና፣ ጋሪና ከብት ስለሚወጣባትና ስለሚገባባት በር ነው።

ቦታው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ለቡ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ጎረቤቶቹ ጀሞና ኃይሌ ጋርመንት ናቸው። መብራት ኃይል የሚለው ሕዝቡ ከድሮ ጀምሮ የኤሌክትሪኩን መሥሪያ ቤት የሚጠራበት ስም ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ፉሪ በኩል የባቡር ጣቢያው አለ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. መስከረም ሲመረቅ ለመንገደኛ የተሠራለት ጣቢያ ይኸው የፉሪ–ለቡ ጣቢያ ነው።

ይህ አካባቢ ትናንት እርሻ ነበር። መሬቱ ጥቁር ነው። በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ዋልካ የምንለው አፈር ነው። ዛሬ ፎቅ ይታይበታል። መንገዱ ግን በአንዳንድ ቦታ ገና የገጠር መንገድ ነው። የእግረኛ መሄጃ የለውም። ዳሩ ቦይ ነው። መብራቱም አንዳንድ ሌሊት አለ፣ አንዳንድ ሌሊት የለም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሾፌሩ በገጠር መንገድ እንደሚሄድ ሆኖ ይነዳል። ነዋሪው ደግሞ ከተማ እንደገባ ሰው በሩን አስፋልቱ ላይ ይከፍታል። ሁለቱም የየራሳቸውን ያያሉ። የሚገናኙት በሩ ላይ ነው።

የአክስቴ በር

አክስቴ በዚያው በኩል ከአስፋልት ዳር ግቢ አላት። ግቢው ፊቱ ለአስፋልቱ ነው፤ ስፋቱ 25 ሜትር ይሆናል። በስተኋላው ደግሞ ጠባብ ኮረኮንች መንገድ ያልፋል። ኮረኮንቹ ከሦስት ግቢ ኋላ ዞሮ፣ 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ጋር ይገናኛል።

አክስቴ ቤቱን ስትሠራ በሩን በአስፋልቱ በኩል አወጣች። ምክንያትም ነበራት። ትንሽ ሱቅ ልትከፍት አስባ ነበር፤ ኋላም ከፈተች። ሳሙና፣ ዘይት፣ ስኳር ትሸጣለች። «በሬ ዓይን ላይ ካልሆነ ማን ይገዛኛል?» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ሱቅ ከጓሮ አይከፈትም።

ነገር ግን መንገዱ ከበሩ በስተግራ ይታጠፋል። ከግቢው ስትወጡ ግራ እጃችሁን ማለት ነው። ከዚያ በኩል ደግሞ ቁልቁለት ነው። በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን የባሕር ዛፍ ተደርድሯል። ዛፉ የጎረቤት ነው። ከዛፉ ኋላ የሚመጣውን መኪና ከበሩ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ድምፁ ይሰማል። መኪናው አይታይም።

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አንድ ማለዳ፣ ውሃ በጋሪ የሚያመላልሰው ልጅ ከዚያ በር ወጣ። ልጁ 15 ዓመቱ ነበር። ውሃውን ገልብጦ ባዶ ጀሪካኖቹን ጭኖ ነበር። ካፊያ ነበር። አህያዋ አስፋልቱን ስትረግጥ ጭነት መኪና ከመታጠፊያው ወጣ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ጎማው ተንሸራተተ። አህያዋ እዚያው ሞተች። ጋሪው ተሰባበረ። የልጁ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ሾፌሩ አልሸሸም። ወርዶ ልጁን አቅፎ አለቀሰ። «አላየሁትም! በልጆቼ እምላለሁ አላየሁትም!» ይል ነበር። ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ጮኸ። ሊደበድቡትም የፈለጉ ነበሩ። አክስቴ ግን ዝም ብላ በሩን ታይ ነበር። ማታ ላይ እንዲህ አለችኝ፤ «እውነቱን ነው የተናገረው። እኔም ከዚህ በር ስወጣ አላይም። ስንት ዓመት በጆሮዬ ነው የተሻገርኩት።»

በርጩማና ሰዓት

ሰፈሩ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ሰው አሉ። ሁሉም «ጋሼ ሾፌር» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ናቸው። የጅማን መንገድ፣ የአሰብን መንገድ፣ የጎጃምን መንገድ በእጃቸው መዳፍ እንደተጻፈ ያውቁታል። አክስቴ እሳቸውን አስጠራች።

«ጋሽዬ፣ እባክዎ ይህን በር ይዩልኝ። የት ላድርገው?»

«መጀመሪያ በርጩማ አምጪልኝ እታለም፤» አሉ።

ቡና ሊጠጡ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን በርጩማውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ራቁና አስቀመጡት። ቁጭ አሉ።

«ሰው ቆሞ ነው መንገድ የሚያየው። ሾፌር ግን ተቀምጦ ነው። በትንሽ መኪና የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ነው። ደግሞ ዓይኑ መኪናው አፍንጫ ላይ አይደለም፤ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በር የሚመረመረው ቁጭ ብሎ፣ ወደ ኋላ ተስቦ ነው።»

እኔም ተቀምጬ አየሁ። ቆሜ ሳይ ያልታየኝ ነገር ታየኝ። የቦዩ ሣር ብቻውን መንገዱን ይጋርዳል! የሱቁ ማስታወቂያ ሰሌዳም በቀኝ በኩል እንደ መጋረጃ ነው።

ቀጥለው ሰዓታቸውን አወጡ። «አሁን መኪና እስኪታይ ጠብቁ። ከታየበት ጊዜ ጀምሮ ፊታችን እስኪደርስ እንቆጥራለን።» ቆጠርን። ከቀኝ የመጣው መኪና ለመድረስ 9 ሴኮንድ ፈጀበት። ከግራ የመጣው 4 ሴኮንድ ብቻ! ደጋግመን ቆጠርን። 4 ሆነ፣ 4 ሆነ፣ አንዴ 5 ሆነ። እሱ ባጃጅ ነበር።

አራት ሴኮንድ ስንት ነው?

አንባቢዎቻችን፣ እዚህ ላይ ሂሳብ እንሥራ። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። በአራት ሴኮንድ 56 ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ ሾፌሩና ጋሪው የሚተያዩት 56 ሜትር ሲቀራቸው ነው።

ያ መኪና ለመቆም ስንት ሜትር ይፈልጋል? ሾፌሩ አይቶ፣ «ምንድን ነው?» ብሎ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ጊዜ ያልፋል። የመንገድ መሐንዲሶች ለዚህ 2 ሴኮንድ ተኩል ይይዛሉ። በዚያ ጊዜ መኪናው 35 ሜትር ሄዷል። ፍሬን ገና አልተነካም! ከዚያ ፍሬን ሲረገጥ እስኪቆም ድረስ ሌላ 28 ሜትር ይፈልጋል። 35 እና 28 ሲደመር 63 ሜትር ይሆናል።

56 ሜትር አለው። 63 ሜትር ይፈልጋል። ሰባት ሜትር ጎደለ። ልጁ የተመታው በዚያች ሰባት ሜትር ውስጥ ነው ማለት እንችላለን።

ጋሼ ሾፌር ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸውም ፍሬኑ ደኅና ከሆነ ነው፤» አሉ። «አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ በቁልቁለት፣ በካፊያ ቢሆንስ? ጎማው ያለቀ ቢሆንስ? ሕዝቡ እኮ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ የጠራው ወዶ አይደለም።»

መኪናው ቀርፋፋ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ለመቆም 31 ሜትር ይበቃዋል። በሰዓት 80 ከሆነ ግን ወደ 129 ሜትር ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚፈልገው ቦታ ከእጥፍ በጣም ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ሲወጡ፣ በአለም ገናና በቡታጅራ መንገድ ላይ እንዳለው ባለ ረጅም ቀጥታ፣ 80 መንዳት የተለመደ ነው። እዚያ በር የሚከፍት ገበሬ ከበሩ ላይ ሆኖ ቢያንስ የአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመትና ከዚያም በላይ በግራም በቀኝም ማየት አለበት።

ይህ ሁሉ ስለ መቆም ነው። ስለ መውጣት ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ትንሽ መኪና ከበር ወጥታ መንገዱን ተሻግራ ወደ ግራ እስክትታጠፍ 7 ሴኮንድ ተኩል ይታሰብላታል። ጋሪስ? መንገዱ 7 ሜትር ስፋት አለው። አህያዋና ጋሪው አንድ ላይ 4 ሜትር ናቸው። ትንሽ ጨምረን 12 ሜትር እንበል። አህያ በዝግታ ስትሄድ በሴኮንድ 1 ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ስለዚህ ጋሪ መንገዱን ለቆ እስኪያልፍ 10 ሴኮንድ ይፈልጋል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ መኪናው 139 ሜትር ይመጣል። ከአክስቴ በር ጋሪ አውጥቶ በሰላም መሻገር በዕድል ነበር ማለት ነው። ለካ ስንት ዓመት በዕድል ኖረናል!

ሰዓት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ጋሼ ሾፌር «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብሎ በዝግታ መቁጠርን አስተማሩን። አንዱ ቁጥር አንድ ሴኮንድ ያህላል። ሕፃናቱ ይህን ጨዋታ አድርገውት ቀኑን ሙሉ መኪና ሲቆጥሩ ዋሉ።

ግራና ቀኝ

ከበር ስትወጡ መጀመሪያ ወዴት ታያላችሁ? ወደ ግራ ነው። በእኛ አገር መኪና የሚሄደው ቀኙን ይዞ ነው። ስለዚህ በአጠገባችሁ ባለው ግማሽ መንገድ ላይ የሚመጣው ከግራ ነው። ለማሰብ ጊዜ የማይሰጠውም እሱ ነው። በር ሲመረጥም ከሁለቱ አንዱ ጠባብ እይታ ይኖረዋል ከተባለ፣ ግራው መሆን የለበትም። የአክስቴ በር የተገላቢጦሽ ነበር።

ይህ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። ጋሼ ሾፌር ያኔ ልጅ ነበሩ። «ትልልቅ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ወዴት እንደሚያዩ ግራ ሲገባቸው ትዝ ይለኛል፤» ብለው ሳቁ። ግራ ገባቸው ያሉት ሳያውቁት ነው።

ከዚያ ተነሥተን በግቢው ፊት ለፊት ሄድን። በርጩማው አብሮን ሄደ። ከመታጠፊያው በራቅን ቁጥር የምንቆጥረው ቁጥር ከፍ አለ። የግቢው ታችኛው ጥግ ላይ ስንደርስ ከግራ 6 ሴኮንድ አገኘን። አክስቴ ደስ አላት። «ታዲያ እዚህ ላድርገዋ!»

ጋሼ ሾፌር ወደ ቦዩ ጠቆሙ። ታችኛው ጥግ ውሃ የሚተኛበት ነው። ከቁልቁለቱ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው የሚወርደው። እዚያ በር ለመክፈት ቦዩን መሻገር ያስፈልጋል። ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ቦዩን በአፈርና በድንጋይ ይሞላሉ። ጥሩ መሻገሪያ ይመስላቸዋል። ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ መሄጃ ያጣል። አስፋልቱ ላይ ይወጣል። አስፋልቱን ከሥሩ ይበላዋል። ወይም ደግሞ የታችኛውን ጎረቤት ቤት ይገባል። ስንት ጠብ በዚህ ተነሥቷል!

ቦይ አይሞላም። ቱቦ ይቀበርበታል። ቱቦውም ጠባብ ከሆነ በላስቲክና በቅጠል ይደፈናል። ሰው አካፋ ወይም ረጅም እንጨት አስገብቶ ሊጠርገው የሚችል መሆን አለበት። የቱቦው ሁለት ጫፎች በድንጋይ ግንብ ይያዛሉ። አለበለዚያ ዋልካው በክረምት ሲያብጥ፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ቱቦውን ያፈናቅለዋል።

ሌላም ነገር አለ። ከዋልካ ላይ የሚወጣ ጎማ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ጭቃው አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል። ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። ስለዚህ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያለው ቦታ ሰሌክት ተደልድሎ ጠጠር ይለብሳል። ደልደል ያለ ሜዳ ይሁን እንጂ ዳገት አይሁን። ዳገት ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ መኪና ጎማው ይሽከረከራል፤ ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሾፌሩም የሚያስበው ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ማርሹ ይሆናል።

ደግሞ 6 ሴኮንድ ለጋሪ አይበቃም። ለመኪናም በቂ አይደለም። ታችኛው ጥግ ተሰረዘ።

በጓሮ በኩል

ቀረ የኋላው ኮረኮንች። አክስቴ ፊቷን አጠቆረች። «ጓሮ ለጓሮ ልግባ? ሱቄስ?»

ጋሼ ሾፌር መለሱላት። «ሱቅሽን ማን ነካው? ሰው በእግሩ የሚገባባት ትንሽ በር በአስፋልቱ በኩል ትኑርሽ። ሰው ቆሞ ያያል፤ ይቆማል፤ ይሮጣል። ጋሪና መኪና ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። ሁለት በር የሚከለክል ሕግ አለ እንዴ?»

ኮረኮንቹ ከአስፋልቱ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ በርጩማውን ይዘን ወረድን። እዚያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ከግራ ቆጠርን። 11 ሴኮንድ! ከቀኝ ቆጠርን። 12! በዚያ ላይ ኮረኮንቹ አስፋልቱን የሚገናኘው ቀጥ ብሎ እንደ መስቀል ነው። ይህም ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ መግቢያ ጋደል ብሎ፣ እንደ ማጭድ ተጣምሞ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ማየት ግድ ይሆንበታል። የሚገባውም ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት ይገባል።

አንድ መግቢያ ለአራት ግቢ መሆኑም ጥቅም አለው። በመንገድ ላይ በር በበዛ ቁጥር ሾፌሩ የሚጠብቀው ነገር ይበዛል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት የተከፈተው ያ መንገድ ዳርና ዳሩ ታጥሯል። በማንም ሰው ግቢ በኩል አይገባበትም። የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ የተቆጠረ ነው። ፍጥነት የተፈቀደበትም ስለዚህ ነው። የእኛ የለቡ መንገድ እንደዚያ ሊሆን አይችልም፤ ሰው ይኖርበታል። ግን አራት በር የነበረው አንድ ቢሆን ሦስት አደጋ የሚያሰጋ ቦታ ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ችግር መጣ። ከአክስቴ ግቢ በታች ያሉት ጎረቤት አጥራቸውን ወደ ኮረኮንቹ ገፋ አድርገው አጥረዋል። ባጃጅ ያልፋል። አይሱዙ አያልፍም። ጋሪም ቢሆን ተፋጭቶ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ቢመለሱ መንገዱ ይበቃል።

ጎረቤቲቱ መጀመሪያ ተቆጡ። «ስንት ዓመት የኖርሁበትን አጥር ለእናንተ በር ብዬ ላፍርስ?» አሉ። አክስቴም ተቆጣች። ሁለት ሳምንት ቡና ሳይጠራሩ ከረሙ። እኔ ይህን ስጽፍ ማን ልክ ነበር ብዬ አስባለሁ። አጥሩ ወደ መንገዱ መግባቱ ልክ አልነበረም። ግን አጥር ማፍረስ፣ ቋሚ መንቀል፣ ቆርቆሮ ማስተካከል ገንዘብ ነው። ለድሃ ሰው ቀላል አይደለም። ያስታረቀው የልጁ እግር ነው። ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ በምርኩዝ መጣ። በኮረኮንቹ አልፎ ጎረቤቲቱን ሰላም አላቸው። እሳቸውም ውሃ ደንበኛው ነበሩ። ምንም አላለም። «እማማ እንዴት ከረሙ?» ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ አናጺ ጠሩ። ወጪውን አክስቴና ሌሎቹ ሁለት ጎረቤቶች አዋጡ።

በሩ ሲሠራ

ከመሥራታቸው በፊት ወደ ወረዳው ሄደው ጠየቁ። ይህን አትዝለሉ። የመንገድ ዳር የመንገዱ ነው፤ የባለ ግቢው አይደለም። በአዲስ አበባ የመንገዱ ጉዳይ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ከከተማ ውጭ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ድሮ ሕዝቡ «አውራ ጎዳና» የሚለው፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ነገ መንገዱ ይሰፋል ከተባለ ያለ ፈቃድ የተሠራ በርና ግንብ ይፈርሳል። ጠይቆ መሥራት ከሁለት ወጪ ያድናል።

አዲሱን በር ከኮረኮንቹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ተከሉት። በገጠር አስፋልት ላይ ቢሆን ይህ የግድ ነው። ምክንያቱም መኪና መጥቶ በሩ እስኪከፈት ይቆማል። በሩ መንገዱ ጠርዝ ላይ ከሆነ የመኪናው ጀርባ አስፋልት ላይ ይቀራል። ለትንሽ መኪና 6 ሜትር፣ ለአይሱዙ ከ8 እስከ 9 ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ይበቃል። መዝጊያውም የሚከፈተው ወደ ግቢው እንጂ ወደ መንገዱ አይደለም።

ግቢው ውስጥ ደግሞ መኪና የሚዞርበት ቦታ ተተወ። አክስቴ እዚያ ጎመን ልትተክል ፈልጋ ነበር። ጋሼ ሾፌር እምቢ አሉ። «መኪና በፊቱ ገብቶ በፊቱ ይወጣል። በማርሽ ኋላ የሚወጣ ሾፌር ሕፃን አያይም። እኔ 40 ዓመት ነድቼ አንድ ቀን ብቻ ነው ልቤ የቆመው፤ እሱም በገዛ ግቢዬ፣ ወደ ኋላ ስሄድ ነው።» ምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። አልነገሩንም። ጎመኑ ወደ አጥሩ ጥግ ተተከለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌተኞች ናቸው። መኪና ውስጥ ያልተቀመጡት ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ከግቢው በር ላይ የተመታ ስንት ይሆን? እሱን የጻፈ አላየሁም። እኔ የማውቀው አንዱን ነው፤ እሱም በሕይወት አለ።

ባሕር ዛፉስ? ባለቤቱን አነጋገርን። ዛፉን አልቆረጠም፤ ገቢው ነው። ግን በመታጠፊያው በኩል ያለውን የመጀመሪያውን ረድፍ ለቋሚ ሸጠው። የታችኛውንም ቅርንጫፍ መለመለ። አሁን ከእግረኛዋ በር ላይ ሆኖ ከግራ ሲቆጠር 6 ይደርሳል። የሱቁ ሰሌዳም ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ከሥሩ ያያሉ።

አንድ ነገር ግን አልተሳካም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከቀኝ የሚመጣው ሾፌር ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። በበርጩማ ስንቆጥር ጧት ነበር፤ ይህን አላየንም። ጋሼ ሾፌርም «እኔም ረሳሁት፤ በጧትም በማታም ነበር መቁጠር የነበረብን፤» አሉ። ስለዚህ ጋሪዎቹ ማታ ማታ ኮረኮንቹ አፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ልጅ ቀድሞ ወጥቶ ይቆማል።

ልጁ ዛሬም ውሃ ያመላልሳል። አዲስ አህያ ሰፈሩ አዋጥቶ ገዛለት። ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። አሮጌው በር በድንጋይ ተደፍኗል፤ ከጎኑ የእግረኛዋ በር አለች። ጋሪው በዚያ ሲያልፍ አህያዋ አትቆምም፤ አዲስ ናት፤ በሩን አታውቀውም። ልጁ ግን አሁንም እዚያ ሲደርስ ወደ ግራ ዞሮ ያያል።